ሳቫና ላይ አርቪ ለተበላሸበት ሰው

ጤና ይስጥልኝ የአትላንታ ወገኖቼ። ረዘም ያለ ጽሁፍ ነው፣ ታገሱኝ። ሳቫና ከተማ ላይ አርቪያችንን (ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው ቤት መሰል መኪና) የጠገኑልንን ሰው ላመሰግን ነው፤ ለጉዞ የምትነሱ ካላችሁ ደግሞ ስልካቸው እኔ ጋ አለ።

የልጆቹ የጸደይ ዕረፍት ሲደርስ ከአዲስ አበባ የመጣችውን እናቴን ይዘን በኪራይ ሞተርሆም ሳቫና ወረድን። ወቅቱ ሑዳዴ ነው፤ እማዬ ሆቴል የሚባል ነገር አልሰማም አለች። «ሽሮዬን የምሠራበት ምድጃ ካለ እሄዳለሁ» ስላለች አርቪ ተከራየን። በ75 ቁጥር መንገድ እስከ ሜከን፣ ከዚያ በ16 ቁጥር ይዞ መውረድ ነው፤ 250 ማይል ገደማ። ስኪዳዌይ ደሴት ላይ ባለው የስቴት ፓርክ አደርን። ከትልልቆቹ የኦክ ዛፎች ላይ የተንጠለጠለውን ግራጫ ነገር እማዬ አይታ «የዚህ አገር ዛፍም ይሸብታል እንዴ?» አለች።

በማግስቱ ከተማ ልንገባ ስንነሳ ስላይዱ አልገባም አለ። አርቪ ለማታውቁ፣ ስላይድ ማለት ጎኑ እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ ተስቦ ሳሎኑን የሚያሰፋው ክፍል ነው። እሱ ሳይገባ መኪናው ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ እኛ ደግሞ ሌላ መኪና አልያዝንም። ቁልፉን ስጫን ትንሽ ያቃስትና ዝም ይላል። አከራዮቹ ጋ ደወልኩ፤ ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝ። አንድ ጥገና ቤት ጋ ደወልኩ፤ መኪናውን ሳያይ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ 1,800 ዶላር፣ ሐሙስ እንመጣለን» አለኝ። ቀኑ ሰኞ ነው።

አጠገባችን የሰፈሩ አንዲት ሴትዮ ናቸው የእኚህን ሰው ስልክ የሰጡን። ስልሳዎቹን ያለፉ፣ እዚያው ሳቫና ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። አርባ ደቂቃ አርፍደው መጡ፤ ይህንንም ልናገር። «ሞተሩ ተቃጥሏል» እያልኩ ስለፈልፍ አንድም ቃል አልመለሱልኝም። ትንሹን ልጄን ጠርተው ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት እንዲያይ አቆሙት፤ እኔን ቁልፉን ተጫን አሉኝ። «ደከመ!» ብሎ ጮኸ ልጁ። ሳቅ አሉና «ሞተሩማ ደህና ነው፤ የሚበላው አጥቶ ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርቪው የካምፑ ኤሌክትሪክ ላይ ሲሰካ መብራቱና ሌላው ትናንሽ ነገር ከእሱ ይበላል፤ ስለዚህ ሁሉም ደህና ይመስላል። የስላይዱ ሞተር ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ስለሚጎትት ባትሪው ካላገዘው አይነሳም። ደረጃው ሥር ያለውን ክዳን በካቻቪቴ ፈተው አሳዩኝ፤ ባትሪውና ኬብሉ የሚገናኙበት ቦታ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ቴስተሩን ባትሪው ራስ ላይ ሲያደርጉት 12.6 ቮልት አነበበ። ኬብሉ ላይ አድርገው ቁልፉን ስጫን ወደ 9 ወረደ። ሁለቱንም ቁጥር እኔ ራሴ እንዳነብ አድርገዋል፤ እዚህ ላይ ነው ሰውየው የገቡኝ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠው አፈሰሱበት፣ ቱፍ ቱፍ አለ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉት፣ አጥብቀው አሰሩት። እማዬ ከላይ ሆና «ይሄ ዳቦ ላይ የምንጨምረው አይደለም እንዴ?» ትላለች። ስላይዱ ገባ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ሒሳቡ? በስልክ የነገሩኝ 95 ዶላር፣ መምጫቸውን ጨምሮ። ልጨምርላቸው ብል እምቢ አሉ። ቡናውን ግን እምቢ አላሉም፤ ያለ ስኳር ሁለት ሲኒ። እማዬ «ወንድሜ፣ ሦስተኛው በረካ ነው» ብላ ብትለምን ሥራ አለብኝ ብለው ተነሱ።

ሊሄዱ ሲሉ ግን ከጥገናው የማይተናነስ ምክር ሰጡኝ። «ይህን ይዘህ አሮጌው ከተማ ውስጥ እንዳትገባ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የመኪናው ቁመት ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ነው፣ የኦክ ቅርንጫፎቹ ደግሞ መንገዱ ላይ ተደፍተዋል። ወንዙ ዳር የሚወርዱት ጎዳናዎችም ቁልቁለትና ድንጋይ ናቸው። በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና ያለው የቱሪስቶች ማዕከል አቁመን «ዶት» በምትባለው ነጻ አውቶቡስ ገባን።

ከተማዋን ጄምስ ኦግልቶርፕ በ1733 ሲመሠርታት በአደባባዮች ነው የከፋፈላት፤ ከ24ቱ ዛሬ 22 አሉ። አዛሊያው ሮዝና ነጭ ሆኖ ፈንድቶ ነበር። ፎርሳይዝ ፓርክ ያለው የ1858ቱ ፏፏቴ ጋ ልጆቹ አልነሳ አሉኝ። እኔ የማልረሳው ግን ሰውየው «ሳታዩ እንዳትመለሱ» ያሉንን ፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ነው። በ1859 የተጠናቀቀ ነው፤ በባርነት የነበሩ ሰዎች ቀን ለጌቶቻቸው ሲሠሩ ውለው ማታ ማታ ያነጹት። የምድር ቤቱ ወለል ላይ በቅርጽ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ከወለሉ ሥር ተደብቀው የሚተነፍሱባቸው ነበሩ ይባላል። እማዬ ማንም ሳይነግራት በር ላይ ጫማዋን አውልቃለች። አስጎብኚዋ ግራ ገብቷት አየችን፤ ልጄ አስረዳት። ቀዳዳዎቹ ጋ ስንደርስ እማዬ ጎንበስ ብላ እጇን ወለሉ ላይ አሳረፈችና ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም።

ለምትሄዱ፦ መጋቢት 17 በፈረንጆቹ የቅዱስ ፓትሪክ ሰልፍ ስላለ በዚያ ሰሞን አርቪ ይዛችሁ አትድረሱ፣ ከተማው ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ረግረጉ አጠገብ ለዓይን በቀላሉ የማይታዩ ተናካሽ ትንኞች አሉ፤ ረጅም እጅጌ ያዙ። የካምፕ ቦታ ቀድማችሁ አስይዙ።

የሰውየውን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ነግረውኛል። የሚሠሩት የቤቱን ክፍል ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ፣ ውሃ፣ ስላይድ፣ ፍሪጅ። የመኪናውን ሞተር አይነኩም። እሁድ እስከ እኩለ ቀን ደግሞ ቤተክርስቲያን ስለሆኑ ስልክ አያነሱም።