ወደ ላሊበላ፦ በደሴ ወይስ በባሕር ዳር?

ከአዲስ አበባ ላሊበላ በመኪና የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። ሁለቱም ጋሸና ላይ ይገናኛሉ።

እኔ የደሴውን እመርጣለሁ። ደብረ ብርሃንን አልፈህ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣሊያኖች የቆፈሩት የጣርማበር ዋሻ አለ። በጭጋግ ትገባለህ። ስትወጣ ገደሉ ከእግርህ ሥር ይዘረጋል። ጠመዝማዛውን ጨርሰህ ደብረ ሲና ስትቆም ቆሎ የያዙ ልጆች መስኮቱን ይከቡታል። ያ ትኩስ ቆሎ ድካሙን ያስረሳል!

በባሕር ዳር በኩል የዓባይ በረሃ አለ። ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። በጃፓን ዕርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረህ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ትወጣለህ። ከፊትህ የጭነት መኪና ካለ በአንደኛ ማርሽ መንፏቀቅ ነው፤ የፍሬን ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። መንገዱም ይረዝማል። ጣና ዳር ማደር ለሚፈልግ ግን ያዋጣል።