ሪሲቨር ስትገዙ መጀመሪያ ሪሞቱን ጠይቁ

«የትኛውን ሪሲቨር ልግዛ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ሪሞታቸው ከተሰበረ፣ ሱቅ ከተሰቀለው ዩኒቨርሳል ሪሞት ገዝተው እምቢ ካላቸው በኋላ ነው። ስለዚህ ስለ ምስል ጥራት አላወራም፤ ጉዳዩ ሪሞት ነው።

ምርጫው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ስሙ በገበያ የታወቀ፣ ፊቱ ላይ ቁልፎች ያሉት ሪሲቨር ነው። ሌላዋ ከቴሌቪዥን ጀርባ የምትለጠፍ፣ የሪሞት ዓይኗ በሽቦ የሚወጣ፣ ስም የለሿ ትንሿ ናት። እኔ ዋጋው ቢጨምርም ባለ ቁልፉን ግዙ እላለሁ።

ሒሳቡን እንሥራው። ትንሿ በ600 ብር ትረክሳለች እንበል። ሪሞቷ ሲጠፋ ምትክ ስለማይገኝ በ300 ብር ዩኒቨርሳል ትገዛላችሁ፤ አይሠራም። ሌላ ዓይነት በሌላ 300 ትሞክራላችሁ። የቆጠባችሁት አለቀ፣ ቴሌቪዥኑ ግን አሁንም እዚያው ቻናል ላይ ነው፤ ፊቷ ላይ ቁልፍ ስለሌላት በእጅ እንኳ አይቀየርም። እንደ ላይፍስታርና ሱፐርማክስ ላሉት ስማቸው ለታወቀ ሪሲቨሮች የሚሆን ሪሞት ግን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባለበት ሁሉ መጠየቅ ይቻላል።

ሪሞት በዓይን በማይታይ ብርሃን ኮድ ነው የሚልከው። ሪሲቨሩ የትኛውን ኮድ እንደሚቀበል የሚወስነው የራሱ የውስጥ ቦርድ እንጂ የሪሞቱ መልክ አይደለም። ፎርጅዱ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፦ ሽፋኑ ላይ የታወቀ ስም ታትሞ ውስጡ ሌላ ቦርድ ይገባበታል። ሞዴላቸው አንድ ከሆነ ሁለት ሪሲቨሮች አንዱ ለሌላው ሪሞት አልታዘዝ ሲል አይቻለሁ። ዋጋው ከጎረቤት ሱቆች በጣም ከወረደ ተጠራጠሩ።

ሻጩ ማጥፊያውንና ድምፁን ነክቶ «ይኸው ይሠራል» ቢላችሁ አትመኑ። ሜኑ፣ ኦኬ፣ ኤግዚት፣ ኤፍ1 እና አራቱን ባለ ቀለም ቁልፎች እዚያው ራሳችሁ ነክታችሁ እዩ። ነገ ዲሹን ወደ ኢትዮሳት አዙራችሁ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ፖላራይዜሽን ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000 ብላችሁ ማስገባት ስትፈልጉ እነዚህ ካልሠሩ ድምፅ መጨመር ብቻውን አይጠቅማችሁም። ዩኒቨርሳል ከገዛችሁም ከኦሪጅናሉ ሪሞት ኮድ የሚማረውን ዓይነት ውሰዱ። ማስተማር የሚቻለው ኦሪጅናሉ በሕይወት እያለ ስለሆነ፣ ሪሲቨሩን በገዛችሁበት ቀን ቁልፎቹን አንድ በአንድ አስተምሩት።

ትንሿን የምመርጥበት አንድ ቦታ አለ፤ መብራት የሌለበት ገጠር። ባለ 12 ቮልት ከሆነች በሶላር ባትሪ ትሠራለች፣ አዳፕተሯ ቢቃጠልም በሌላ ተመሳሳይ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ይተካል። የባለ ቁልፉ ፓወር ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ ስለሆነ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከተቃጠለ ጠጋኝ ዘንድ መሄድ ግድ ነው። ለቤተሰብ ወደ ገጠር ከላካችሁ ግን ሁለተኛ ሪሞት አብራችሁ ላኩ።

ሪሞት አልሠራ ሲል ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጫፉን ወደ ስልክ ካሜራ አዙራችሁ ቁልፍ ተጫኑ፤ በፊት ካሜራው ይሻላል። ብርሃን ብልጭ ካለ ሪሞቱ ይልካል ማለት ነው፤ ጥፋቱ ኮዱ ወይም የሪሲቨሩ ዓይን ነው። ያኔ የሞዴሉን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ሳይሆን ሪሲቨሩን ራሱን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ።