ለመገጭና ለአንገረብ ወንዞች ጥናት፦ ባለ አራት ወይስ ባለ ብዙ ኤሌክትሮድ የሬዚስቲቪቲ መሣሪያ?

በጎንደር ዙሪያ የወንዝ ወለል ደለልን ለማጥናት የሬዚስቲቪቲ መሣሪያ (መሬት ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካ) የሚገዛ ሰው፣ ከዋጋው በፊት የሚያጠናው መሬት ወደ ታች ብቻ ነው ወይስ ወደ ጎንም የሚለዋወጠው ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ባለ አራትና ባለ ብዙ ኤሌክትሮድ የሚባሉት ሁለቱም መሣሪያዎች በሁለት ካስማዎች (ኤሌክትሮዶች) ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ልከው በሌሎች ሁለት መካከል የሚፈጠረውን ቮልቴጅ ይለካሉ።

ባለ አራት ኤሌክትሮዱ ርካሽና ለመሸከም የማያስቸግር ሲሆን፣ ካስማዎቹ ከመካከለኛው ነጥብ እየራቁ በተተከሉ ቁጥር ከዚያች ነጥብ ሥር ያሉትን ንብርብሮች በጥልቀት ያሳያል። መገጭ ወደ ጣና ሲወርድ በሚያቋርጠው የደምቢያ ሜዳ፣ ደለሉ በስፋት ተነጥፎ ስለሚገኝ ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። ቋጥኝ፣ ጠጠርና አሸዋ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት በሚፈራረቁበት በላይኛው የአንገረብ ሸለቆ ግን፣ ስሌቱ ንብርብሮቹን አግድም አድርጎ ስለሚወስድ ውጤቱ ያሳስታል።

ለእንዲህ ያለው ወለል የእኔ ምርጫ ባለ ብዙ ኤሌክትሮዱ ነው፤ በአንድ መስመር ከተተከሉት ብዙ ካስማዎች አራት አራቱን እየቀያየረ ስለሚለካ፣ መሬቱ ወደ ታችም ወደ ጎንም ሲለዋወጥ ያሳያል። 48 ካስማዎች በ2 ሜትር ልዩነት ሲተከሉ 94 ሜትር መስመር ይሆናሉ፤ በዌነር አደራደር (አራቱ ካስማዎች እኩል ተራርቀው በሚሠሩበት) የመስመሩን ርዝመት 17 በመቶ፣ ማለትም 16 ሜትር ገደማ ጥልቀት ይታያል። ሻጮች ስለ መሣሪያው ኃይል አብዝተው ቢናገሩም (ኃይሉ የሚጠቅመው የሚለካው ምልክት ከሌላ ኤሌክትሪካዊ ረብሻ ጎልቶ እንዲነበብ ነው)፣ ጥልቀቱን በዋናነት የሚወስነው የመስመሩ ርዝመት ስለሆነ፣ መስመር ለመዘርጋት በማይመች ጠባብ ሸለቆ ውድ መሣሪያም ጥልቅ አያይም። የዳይፖል-ዳይፖል አደራደር (ኤሌክትሪክ የሚልኩት ሁለት ካስማዎችና ቮልቴጅ የሚለኩት ሁለቱ ለየብቻ ጥንድ ሆነው የሚሠሩበት) የተቀበረ የድሮ ወንዝ መሄጃን ጠርዝ ከዌነር በተሻለ ይለያል፤ ምልክቱ ግን ደካማ ነው።

በበጋ የደረቀ ጠጠር ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለማያስገባ፣ ካስማው ሥር የጨው ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከልኬቱ በፊት የየካስማውን ንክኪ የሚፈትሽ መሣሪያ ይመረጣል። ውሃ ውስጥ ለሚዘረጋ መስመር ውሃ የማያስገባ ኬብል ግድ ሲሆን፣ የውሃው ጥልቀትና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙም ለብቻው መለካት አለበት።

እርጥብ ዋልካ ብዙውን ጊዜ በጥቂት አሥር ኦም-ሜትር (የሬዚስቲቪቲ መለኪያ) ውስጥ ሲነበብ፣ ያልተሰነጠቀ ባዛልት ከ1000 ሊያልፍ ይችላል። ውሃ የጠገበ ጠጠርና የተሰነጣጠቀ ባዛልት ግን ተቀራራቢ ንባብ ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ ሁለቱን የሚለየው በመስመሩ ላይ የሚቆፈር የሙከራ ጉድጓድ ነው፤ ወጪውም ከመሣሪያው ግዢ ጋር አብሮ ይያዝ።