በጆተኒ ገቢ የሚተዳደር ማንበቢያ ክፍል፦ የባሕር ዳር አንድ ወጣት ማዕከል

ከጣና ዳር ብዙም የማይርቀው ይህ የቀበሌ ወጣት ማዕከል ጆተኒ፣ ሻወርና የአዳራሽ ኪራይ ያስከፍላል፤ ማንበቢያ ክፍሉ ግን ነፃ ነው። ቤቱን መመዘን ያለብን በዚህ ክፍል ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚሠራው እሱን ለማቆየት ነውና።

ክፍሉ እስከ ግንቦት ድረስ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሚበዙበት ሰሞን ከክረምቱ ጋር መገጣጠሙ ነው፤ ኮርኒስ ስለሌለ ቆርቆሮው ዝናብ ሲያርፍበት ማንበብ አይታሰብም። ጆተኒውም ከግድግዳው ማዶ ነው። ወጣቷ አስተባባሪ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ጆተኒ እንዳይከፈት ከልክላለች፤ ገቢ ቢቀንስባትም ትክክል ናት።

ጆተኒው ራሱ ከባድ ነው። ተጫዋቾች ብረቱን የምግብ ዘይት ይቀቡታል፤ ዘይቱ አቧራ ይሰበስብና ይደርቃል፣ ከዚያ 8ቱም ብረት አልዞር ይላል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ማድረግ ይበቃል።

ጠረጴዛ ቴኒስ ከመጀመራችሁ በፊት ኳሷን ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ልቀቋት፤ 23 ያህል መንጠር አለባት። በመስኮቱ በኩል ባለው ጥግ ግን ዝም ብላ ትቀራለች፤ ቺፑዱ ፍሳሽ ጠጥቶ አብጧል። ያበጠ ቺፑድ ቢደርቅም አይመለስም፣ መቀየር ነው።

ሻወር የፈለገ በጠዋት ይሂድ። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ሮቶው ከሰዓት በኋላ ይጎድላል። ከሻወሩ በላይ 3 ሜትር ያህል ብቻ ስለተሰቀለ ግፊቱ ከ0.3 ባር አያልፍም፤ ሁለት ሰው እኩል ከከፈተ ለሁለቱም ጠብ ጠብ ነው።

ቤቱን የሚያደክመው ግን የግዢው ጣጣ ነው። ለአንድ አምፖልም 3 ፕሮፎርማና የፊርማ ምልልስ አለ። አስተባባሪዋ ዘዴ አበጅታለች፦ አምፖል፣ መረብና የቧንቧ ጎማ ሳያልቁ በፊት በወር አንዴ በአንድ ጥያቄ ታጠቃልላለች። የመብራት ካርዱንም ዓርብ ታስሞላለች፤ ቅዳሜ አዳራሹ ተከራይቶ መሀል ላይ ቢጠፋ ብር መመለስ ይመጣላ!

መጽሐፍ ልትሰጡ ካሰባችሁ የድሮውን ሥርዓተ ትምህርት ተዉት፣ መደርደሪያው በእሱ ተጨናንቋል። የሚጠየቀው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው አዲሱ ነው፤ በተለይ ሒሳብና ፊዚክስ።