በር ለተዘጋበት ሰው፦ ደሴ ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊ

መኪና በር ላይ እየቆመባችሁ ከጎረቤት ጋር የምትጨቃጨቁ ካላችሁ እነዚህ ሰውዬ ጋር ሂዱ፣ እኔን በጣም ነው የጠቀሙኝ።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። ሰፈራችን ዳገት ነው፣ መንገዱ ጠባብ ኮብልስቶን። ጎረቤቴ ማታ ማታ አይሱዙውን በሬ ላይ ያቆማል፣ ዳገት ስለሆነ ጎማው ስር ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ታኮ ይደረጋል፣ ጠዋት መኪናው ይሄዳል ታኮው ግን እዛው ይቀራል። ክረምት ላይማ ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ጎርፍ ጠጠርና ጭቃውን እዛ ድንጋይ ላይ ይቆልለውና በሩ ራሱ አልከፈት ይላል። ትራፊክ አንዴ መጥቶ አስነስቶት ነበር፣ በነጋታው ማታ ተመልሶ ቆመ። አንድ ሌሊት እናቴ ስኳሯ ወርዶባት መኪናዬ ግቢ ውስጥ ተዘግታ እኔ ባጃጅ ፍለጋ በሩጫ እስከ አስፋልት ወረድኩ፣ ከዛ በኋላ ነው እከሳለሁ ያልኩት።

ጸሐፊው መጻፍ ሳይጀምሩ የይዞታ ካርታዬን አስመጡኝ፣ ፎቶ ጠየቁ፣ የበሩንም ስፋት ለክተህ ና አሉኝ። "ፓርኪንጌን ወሰደብኝ ብለው ይጻፉልኝ" ስላቸው እምቢ አሉ። "ልጄ፣ ከአጥርህ ውጪ ያለው መንገድ የከተማው ነው፣ ያንተም የሱም አይደለም፣ ያንተ መብት ከግቢህ መውጣትና መግባት ነው፣ እሱን ብቻ ጠይቅ።" እውነት ለመናገር ከነከነኝ፣ ምክንያቱም እኔም ከበሬ ጎን ያለውን ቦታ የራሴ አድርጌ ሌላ ሰው ሲያቆምበት እቆጣ ነበር።

የጻፉልኝ ሁከት ይወገድልኝ የሚባለውን ነው፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149፣ ይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ሁከቱ እንዲቆምለት ካሳም እንዲከፈለው የሚጠይቅበት። ግን በ2 ዓመት ውስጥ ካልከሰስክ ይታገዳል፣ እኔ ደግሞ 1 ዓመት ከ8 ወር ሆኖኛል! ስደነግጥ አይተው "አብሽር፣ ጊዜ አለህ፣ መጀመሪያ ለሽማግሌ አሳየው" አሉኝ።

ለሁለት ገጽ 400 ብር ከፈልኩ፣ አይበዛም። ቅር ያለኝ የቤት ቁጥሬን አሳስተው ጽፈው እንደገና መመላለሴ ነው፣ ፕሪንት ሳይደረግ ስክሪኑ ላይ አንብቡት። ሰኞ ሰልፍ አለ፣ ባትሄዱ ይሻላል።

ሽማግሌዎቹ ጎረቤቴ ቤት ቡና ላይ ፎቶውን ሲያሳዩት ዝም ብሎ አየው። "ድንጋዩን ረዳቱ ያነሳዋል ብዬ እኮ ነው" አለ። ጎህ ሲቀድ መኪናውን የሚያወጣው ሾፌሩ ነው፣ ጎረቤቴ ራሱ ድንጋዩ እዛ መቅረቱን አይቶትም አያውቅ። አሁን ከበሬ ዝቅ ብሎ ሰፋ ያለው ጋ ያቆማል፣ ሦስት ሳምንት ሆነው። ማመልከቻው ግን እንደተፈረመ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሁለት ዓመቱ የሚሞላበትንም ቀን ካላንደር ላይ አክብቤበታለሁ።