የሪጅስትራር አገልግሎት፦ ከትምህርቱ ክሊራንሱ

የተማርኩበትን ግቢ ስም አልጠራም፤ ሪጅስትራሩን (የተማሪ ምዝገባና መዝገብ ክፍሉን) ግን ልገምግም። ኤፍ ያመጣሁበትን ኮርስ ለመድገም ስመዘገብ በደንብ ነው ያስተናገዱኝ፣ እውነቱን ለመናገር። ዊዝድሮው (ትምህርት ለጊዜው ማቋረጫ ቅጽ) መሙላትም ቀላል ነው፤ ብቻ ሳትሞሉ ጥላችሁ እንዳትወጡ፣ ተመልሶ መግባት መከራ ነው።

ክሊራንስ (ስትወጡ ከየክፍሉ ዕዳ የለበትም ብሎ ማስፈረም) ግን ወገብ ይቆርጣል! ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ሁሉም ፊርማ ይፈልጋል፤ ኳስ ነክቼ የማላውቀው ሰውዬ የስፖርት ክፍል ዕዳ እንደሌለብኝ ለማስፈረም ምሳ የወጣ ፈራሚ ስጠብቅ ዋልኩ። በመውጫ ፈተናው 50 ከመቶ አምጥቶ ያለፈ ሰው በአንድ ማህተም ምክንያት ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ሲከለከል አያናድድም? ኦሪጅናሉ ዲግሪማ ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳ) ተከፍሎ እስኪያልቅ አይታሰብም።

ከአምስት ሁለት ሰጥቻለሁ። ዘንድሮ ተመራቂ የሆናችሁ ፊርማውን በጊዜ ጀምሩ፣ የምረቃ ሳምንት ሰልፉ አይቻልም።