ክላክስ ከቀየርኩ 14 ወር ሆነኝ፦ ምን ሠራ፣ ምን አስቸገረ

መኪናዬ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ክላክስ አንድ ብቻ ነበር። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ መዳፍ የምታህል። ድምጿ ሰላላ ነው። መንደር ውስጥ ለሚያልፍ እግረኛ ትበቃለች። አውራ ጎዳና ላይ ግን የለችም ማለት ይቻላል።

እንድቀይራት ያስወሰነኝ አንድ ከባድ መኪና ነው። ጎን ለጎን እየሄድን ሳለ ወደ እኔ መስመር መግባት ጀመረ። ክላክስ አደረግኩ። ደግሜ አደረግኩ። ሹፌሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኝ አይደለም፤ አልሰማኝም። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ሞተሩ ያጓራል። ፍሬን ይዤ ወደ ኋላ ቀረሁ። የኋላ ጎማው ከጎን መስታወቴ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አለፈ። ዳር ይዤ ቆምኩና እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠበቅኩ። ማታውኑ ኮፈኑን ከፍቼ ያቺን ክላክስ በእጅ ባትሪ ፈለግኳት።

የገዛሁት ጥንድ ነው። ባለ 12 ቮልት፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል ጥቁር ፕላስቲክ። አንዱ ጎርናና፣ ሌላው ቀጠን ያለ ድምፅ አለው። ጀርባቸው ላይ 400 እና 500 ኸርዝ ይላል፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገቡ ማለት ነው። ይህ እንዲያው የተመረጠ ቁጥር አይደለም። 4 ለ 5 የሆኑ ሁለት ኖታዎች በሙዚቃ አብረው ይስማማሉ። ጥንዱ ሲጮህ እንደ አንድ ሙሉ ድምፅ የሚሰማው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ «ክላክስ» የምንለው ቃል ራሱ መጀመሪያ የንግድ ስም ነበር። ክላክሰን የተባለው የመኪና ጡሩምባ በ1908 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጣ፣ ስሙ የተወሰደው መጮህን ከሚገልጽ የግሪክ ቃል ነው።

የክላክስ አሠራር ቀላል ነው። ውስጡ ኤሌክትሮማግኔትና ዲያፍራም የሚባል ስስ ብረት አለ። ማግኔቱ ብረቱን ይስበዋል። ብረቱ ሲሳብ የኤሌክትሪኩን መገናኛ ይከፍተዋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ብረቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ መገናኛውም እንደገና ይገጥማል። ይህ በሰከንድ 400 ጊዜ ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። ጠፍጣፋዎቹ ክላክሶች ድምፁን በቀጥታ ወደ ውጭ ስለሚለቁት የሰላ፣ የሚወጋ ይሆናል። ቀንድ አውጣዎቹ ግን አየሩን በተጠማዘዘ ቱቦ አሳልፈው ያወጡታል፤ ድምፁ ይወፍራል። ዝግ መስታወት ቀጭን ድምፅን አብዝቶ ያግዳል፣ ወፍራሙን ግን ያን ያህል አይችለውም። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይህ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠ ሰው እንዲሰማኝ።

ማሸጊያው ላይ በትልቁ 118 ዴሲቤል ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከምን ያህል ርቀት እንደተለካ ሲነገር ነው። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 28 መሠረት የመኪና ክላክስ ከ2 ሜትር ሲለካ ከ105 እስከ 118 ዴሲቤል መሆን አለበት። ስለዚህ 118 ጣሪያው ነው። 150፣ 200 የሚሉትን ሳይ አልፌያቸዋለሁ። በአየር ግፊት የሚሠሩትንም አስቤ ነበር። ኮምፕረሰራቸው ቦታ ይወስዳል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፣ ከተጫኑት በኋላም እስኪጮህ ትንሽ ይዘገያል። በአደጋ ሰዓት የምፈልገው ይህን አይደለም።

አሁን ወደ ገጠማው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስህተት ሠራሁ። አሮጌውን ፈትቼ ሁለቱን አዲሶች እዚያው ነባር ሽቦ ላይ አገናኘኋቸው። ታናሽ ወንድሜ መሪው ላይ ተቀመጠ። «ተጫን!» አልኩት። ጮኸ። ተያየን። ከድሮው ወፈር ብሏል እንጂ ጉልበት የለውም። ጉሮሮው እንደታመመ ሰው ነው።

ቴስተር አመጣሁ። ባትሪው 12.6 ቮልት አለው። ወንድሜ ተጭኖ ሳለ ክላክሱ ጫፍ ላይ ስለካ 10.7 አገኘሁ። ወደ 2 ቮልት የሚጠጋው መንገድ ላይ ቀርቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድሮ የነበረችው 4 አምፔር ገደማ ትወስዳለች፤ አዲሶቹ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ 10 ይጠጋሉ። ያ ቀጭን ሽቦ የተሰላው ለአንዷ ነው። ብዙ ሰው «ክላክስ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለውም» የሚለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዕቃው ጥሩ ሆኖ ሽቦው አንቆት ነው።

መፍትሔው ሪሌ ነው። በትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ ነው፤ ባለ አራት እግር፣ ትንሽ ኩብ፣ እግሮቹም ቁጥር አላቸው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አዲስ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ አውጥቼ በ20 አምፔር ፊውዝ በኩል 30 ቁጥር ላይ አስገባሁ። 87 ቁጥር ወደ ክላክሶቹ ይሄዳል። የድሮው የክላክስ ሽቦ 86 ላይ፣ 85 ደግሞ ማሳ ላይ፣ ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዘው የመኪናው ብረት ላይ። የድሮው ሽቦ ከዚህ በኋላ ሪሌውን ይቀሰቅሳል እንጂ ጭነት አይሸከምም። ፊውዙን እዚያው ባትሪው አጠገብ አድርጉት። ሽቦው መሀል ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ ከእሳት የሚያድናችሁ እሱ ነው፤ ጫፍ ላይ ብታስሩት ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። መሪውን ደግሞ አትክፈቱ፤ እዚያ ኤርባግ አለ፣ ለዚህ ሥራም አያስፈልግም። አንዳንድ መኪና ላይ የክላክሱ ቁልፍ የሚቆጣጠረው የማሳውን መስመር ነው። ስለዚህ የድሮው ሽቦ ስትጫኑ ፖዘቲቭ መስጠቱን በቴስተር ሳታረጋግጡ እንደ እኔ አታገናኙ።

ማሳው ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ፤ አልቆጨኝም። ቡሎኑ የሚያርፍበት ብረት ቀለም ተቀብቷል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የሳንቲም ስፋት ያህል በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ድረስ። አጥብቄ አሰርኩና ላዩን ግሪስ ቀባሁት። እንደገና «ተጫን!»። ቴስተሩ 12.1 አለ። ድምፁን ግን በቴስተር መለካት አላስፈለገኝም። ወንድሜ ራሱ ደንግጦ እጁን ከመሪው አነሳ።

ስለ አቀማመጡ አንድ ነገር ልበል። ክላክስ የሚታሰረው በራሱ ስስ የብረት ቅንፍ ነው። አካሉ ሌላ ነገር መንካት የለበትም። የእኔ ቀጭኑ ክላክስ ፓራውልቱን በጥፍር ያህል ይነካ ነበር፤ ድምፁ ታፈነ፣ ፕላስቲኩም አብሮ ይንጫጫል። ቅንፉን ትንሽ ሳጣምመው ተስተካከለ።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ያለ ምንም ችግር ሄደ። አምስተኛው ወር ላይ ዝናብ ሲበረታ አንድ ጠዋት ጎርናናው ሻከረ። እንደ ማሳል አለ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ዝም አለ። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ቦታው ጠቦኝ አፉን ወደ ላይ አዘንብዬ አስሬው ነበር። መመሪያው አፉ ወደ ታች ይሁን ይላል፤ አንብቤዋለሁ። ፈትቼ ስገለብጠው አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚሞላ ቡናማ ውሃ ፈሰሰ። ሁለት ቀን አደረቅኩት፣ አፉን ወደ ታች አድርጌ መለስኩት። ድምፁ መጣ፣ ግን ሻካራ ነው። ጀርባው ላይ ትንሽ ማስተካከያ ብሎን አለች። በካቻቢቴ የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ሳዞራት ጠራ። ይህች ብሎን የምታስተካክለው የመገናኛውን ክፍተት ነው፤ ቀጭኑን ወፍራም አታደርግም። አብዝታችሁ ካዞራችኋት ክላክሱ ዝም ይላል፣ ኤሌክትሪኩ ግን እየሄደ ስለሚቆይ የኤሌክትሮማግኔቱ ጥቅል ሽቦ ይግላል።

መንገድ ላይስ? ዘጠነኛው ወር ላይ ያው ነገር ደገመኝ። ሌላ ከባድ መኪና፣ ያው ዓይነት መግባት። አንድ ጊዜ ተጫንኩ፤ ወዲያው ወደ መስመሩ ተመለሰ፣ እጁንም አውጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ለእኔ የዚህ ዕቃ ዋጋ ያቺ ቅጽበት ናት።

የማልወደውም አለ። ይህ ድምፅ ለመንደር ይበዛል። አንዴ ከመኪኖች መሀል ብቅ ላለች ልጅ እንደለመድኩት ረዘም አድርጌ ተጫንኩ። ባለችበት ደርቃ ቀረች፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ወርጄ እስክትረጋጋ አጠገቧ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ቅርብ ላለ ሰው ክላክስ አላደርግም፤ ቆሜ አሳልፋለሁ፣ ግድ ከሆነም ነካ አድርጌ እለቃለሁ። ሪሌው ለዚህ ይመቻል፣ አጭር ንክኪ አጭር ድምፅ ይሰጣል። የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ክላክስን የሚፈቅደው አደጋን ለማስቀረት፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ቀድሞ ማለፍን ለማሳወቅ ነው። ድምፁም ከሚያስፈልገው በላይ መርዘም የለበትም ይላል። ዜማ የሚያወጡና እንደ ሳይረን የሚጮሁ ክላክሶች በብዙ አገር ክልክል ናቸው፤ ከመግዛታችሁ በፊት የአገራችሁን ደንብ እዩ።

መኪናችሁ ከፋብሪካ ሁለት ክላክስ ይዛ ከመጣችና ድምፁ ከደከመ፣ ለአዲስ ገንዘብ አታውጡ። መጀመሪያ እየተጫናችሁ ቮልቱን ለኩ፣ ማሳውን አጽዱ። አንድ ወዳጄ እንዲሁ አድርጎ ክላክሱ ነፍስ ዘራለት፤ ያወጣው ወጪ የብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜን መሪው ላይ አስቀምጬ እንደገና ለካሁ። 11.8 አገኘሁ። ከመጀመሪያው በ0.3 ወርዷል። ማሳውን ፈትቼ አየሁት፤ ግሪሱ ደርቆ ዳር ዳሩን ዝገት ጀምሮታል። ፈግፍጌ፣ አዲስ ግሪስ ቀብቼ መልሼ አሰርኩት። 12.1።